ሮቤ ላይ ስንዴ በሚዛን፣ ኢንተርኔት በ«እስከ»

ነገሩ የጀመረው በአንድ የድምፅ ፋይል ነው። ሲናና ወረዳ ውስጥ ስንዴ አምራቾችን አነጋግሬ 18 ደቂቃ የሚፈጅ የሬዲዮ ዘገባ ሠርቼ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ «ምሽት 2 ሰዓት ላይ እጄ ካልገባ ለነገ አይደርስም» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ቆራርጬና አስተካክዬ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አለኝ። ፋይሉ 90 ሜጋባይት ነው። «ላክ» የምትለዋን ተጫንኩና ቡና ላፈላ ተነሣሁ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፋይሉ 31 በመቶ ላይ ነበር። ከዚያ ተቋረጠ። እንደገና ስሞክር ከዜሮ ጀመረ። 7 በመቶ ላይ ተኝቶ ቆየ፣ 12 ደረሰ፣ ተቋረጠ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አዘጋጁ ደወለልኝ። «በቃ ተይው፣ ሌላ አስገብተናል።» በማግሥቱ ያስገቡትን ሰማሁት። ስለ አዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ ነበር። (የእኛም ችግር እኮ መጨናነቅ ነው፣ ግን ማን ይዘግበው!)

በጣም ያናደደኝ የእኔ ድካም አይደለም። ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች በዚያን ዕለት ሬዲዮ ከፍተው ጠብቀዋል። አንዱ አባት ደውለው «ልጄ፣ አመለጠን እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አባባ፣ ድምፅዎ ቤታችን ሳሎን ውስጥ 31 በመቶ ላይ ቆሟል» ልበል?

እንግዲህ ስለ ቤታችን ኢንተርኔት ላውራችሁ። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ክፍሎች ታከራያለች። ተከራዮቹ ተማሪዎችና አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው። አንዷ ከብድሬ የመጣች ነች። ብድሬን ለማታውቁ፣ የመዳ ወላቡ ወረዳ ከተማ ናት፤ እዚህ ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚያው አካባቢ ነው። ይህች ልጅ ከመጣች ጀምሮ ትምህርቷን የምታነበው በስልኳ ነበር፣ ጥቅል እየገዛች፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ንባቡም ያልቃል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሁላችንም አዋጥተን አንድ ራውተር ቤት አስገባን። ውሉ ላይ «እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ያልተገደበ» ይላል። የትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልጠራም። ይህን የምታነቡ ሁሉ የየራሳችሁን አቅራቢ እያሰባችሁ እንድታነቡት ስለምፈልግ ነው።

ፋይሉ ከቀረ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ለሁለት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ፍጥነቱን እየለካሁ ጻፍኩ፦ ጠዋት፣ ምሽት እና ሌሊት 9 ሰዓት። አዎ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ማንቂያ ሞልቼ እየተነሣሁ። የባሌን ብርድ የሚያውቅ ያዝንልኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኢንተርኔታችን ሸጋ ነው፤ አንዳንዴ 4 ይሞላል። ጠዋት ሁለት ገደማ ነው። ምሽት፣ ማለትም ሰው ሁሉ ከሥራና ከትምህርት ገብቶ ኢንተርኔት በሚፈልግበት ሰዓት፣ አንድ የሞላበት ቀን አላገኘሁም። ይህ ሁሉ የሚወርደው ነው። የሚላከውማ፣ ያው የስንዴውን ዘገባ አይታችሁታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን አንዲት ነገር ላንሣ። ሜጋቢት እና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ኩባንያዎች ፍጥነት የሚሸጡልን በቢት ነው፣ እኛ ፋይላችንን የምንቆጥረው በባይት ነው። «4 ሜጋ» ሲባል ሞኙ ደንበኛ በሰከንድ አራት ሜጋባይት የሚወርድለት ይመስለዋል፤ ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ የሚያገኘው ግማሽ ሜጋባይት ነው። የእኔ 90 ሜጋባይት በሙሉ አራት ሜጋቢት ቢሄድ ሦስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። በሩብ ሜጋቢት ሲሄድ 48 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ያውም ካልተቋረጠ። ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያወራው ወደ እኛ ስለሚወርደው ብቻ ነው። ከእኛ ስለሚወጣው ዝም። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ብዙም ላይታየው ይችላል። ከሮቤ ወይም ከጎባ ድምፅ፣ ምስል፣ የምርምር ጽሑፍ ለሚልክ ሰው ግን ዋናው ነገር ያ ነው።

ደወልኩ። አንዲት ትሕትና የተሞላች ልጅ «ደንበኛችን፣ እባክዎ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። በሌላ ቀን ደግሜ ደወልኩ፤ ሌላ ትሑት ልጅ፣ ያው ማጥፋትና ማብራት። በአራተኛው ቴክኒሻን ተላከ። ጥሩ ሰው ነው፣ የእናቴን ቡናም ጠጥቷል። ደብተሬን ሳሳየው ፈገግ አለና «እህቴ፣ እኛ ጋ ምንም ችግር የለም። ውሉን እይው፣ ‹እስከ› ነው የሚለው» አለኝ።

እስከ! ሦስት ፊደል። ዓመቱን ሙሉ የከፈልኩት ለእነዚህ ሦስት ፊደላት ኖሯል።

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ወጣ ብላ «ታዲያ አንቺስ ብሩን ‹እስከ› ብለሽ አትሰጪያቸውም?» አለች። ቴክኒሻኑ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ስንዴ የሸመተችው እዚሁ ሮቤ ነው። አንድ ነጋዴ «እስከ አንድ ኩንታል» ብሎ የኩንታል ዋጋ ተቀብሎ 25 ኪሎ ቢሰፍርላት ምን እንደሚከተል ጠንቅቃ ታውቃለች። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ካስፈለገም ፖሊስ። «መንገዱ ስለተጨናነቀ ነው 25 የሆነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ብትመጪ ሙሉ እሰፍርልሻለሁ» የሚል ነጋዴ ገበያ ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ለኩባንያዎቹም ፍትሐዊ ልሁን። አንድ የኔትወርክ ማማ ያለውን አቅም ለአካባቢው ተጠቃሚ ሁሉ ያከፋፍላል፤ ሁላችንም ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስንከፍት የየአንዳንዳችን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ የትም አገር ያለ ነው። መብራት ይጠፋል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል። ዕቃው በዶላር ነው የሚገዛው፤ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ምን ያህል እንደራቀ ሁላችንም እናውቃለን። ባሌም ሜዳ ብቻ አይደለችም፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ተራራ ደግሞ ሲግናል አያሳልፍም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ዘገምተኛ ኢንተርኔት ይቅር የምለው ነገር ነው። ይቅር የማልለው ዘገምተኛውን በፈጣኑ ዋጋ መሸጥን ነው። ተራራው ለፍጥነቱ ምክንያት ይሆናል፣ ለሒሳቡ ግን እንዴት ምክንያት ይሆናል?

«ያልተገደበ» የምትለዋም ቃል ከ«እስከ» ጋር የአክስት ልጅ ናት። በብዙ አገር፣ በብዙ ኩባንያ፣ ያልተገደበ የተባለው ጥቅል ከተወሰነ አጠቃቀም በኋላ ፍጥነቱ እንዲወርድ የሚያደርግ አንቀጽ ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ ይኖረዋል። «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ይሉታል። ገደቡን ፍትሕ ብሎ መጥራት ጥሩ ብልሃት ነው፣ መቼም።

እኛስ ለምን ዝም አልን? ዝምታው ከልማድ የመጣ ይመስለኛል። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት አንድ አቅራቢ ብቻ ነበረን፤ ኮርፖሬሽኑ ኅዳር 2003 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ቢባልም ሰው «ቴሌ» ማለቱን አልተወም። የእኔ ትውልድ ያደገው ኢንተርኔት ሲኖር እያመሰገነ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት 2009 ላይ እኛ ለ10ኛ ክፍል ፈተና ስንቀመጥ ፈተናው እንዳይወጣ ተብሎ ኢንተርኔቱ ለቀናት በመላ አገሪቱ ጠፋ። ሰኔ 2012፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። እንዲህ ያደገ ሰው ፍጥነት ቀነሰ ብሎ ለመክሰስ ያፍራል። «ዋናው መኖሩ ነው» ይላል። አባቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ስለ ውሃም፣ ስለ መብራትም፣ ስለ ኢንተርኔትም ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ደግሞ ጥቂት ነን። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ሞባይሉ ነው እንዲህ ቁጥሩን የሚያበዛው፤ የመደበኛ ብሮድባንድ ደንበኛው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው እንደ ቅምጥል ስለሚታይ ቢያማርር የሚያዝንለት የለም። ግቢያችንን ያየ ግን ቅምጥል አይለንም። ስድስት ሰው አዋጥቶ የሚጠቀምበት ራውተር ነው።

ለውጥ የለም አልልም። ነሐሴ 2010 ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ፤ በ2012 ደግሞ የብሮድባንድ ዋጋ እስከ 65 በመቶ ቅናሽ ተደረገበት (እዚህም «እስከ» አለች፣ ልብ በሉ)። ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2013 ፈቃድ አገኘና መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ዋጋው ረክሷል፣ ምርጫው ጨምሯል። ሚዛኑ ግን ያው ነው። ሁለት ነጋዴ ቢኖርም ሚዛን የሚያይ ከሌለ ገዢው የሚመርጠው በነጋዴው ፈገግታ ነው።

ሚዛን የሚያይ ተቋም ደግሞ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን መቆጣጠርና የተጠቃሚን መብት ማስከበር ሥራው ነው፤ የተጠቃሚዎችን መብት የሚመለከት መመሪያም አውጥቷል። እኔ የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። ውሉ ላይ ከ«እስከ» ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ይጻፍ፦ ከዚህ በታች ከወረደ ገንዘቡ ይቀነሳል የሚል። የሚላክበት ፍጥነትም ይጻፍ። መለኪያው ደግሞ የባለሥልጣኑ ይሁን፣ የእኔ ደብተር ወይም የኩባንያው ኮምፒውተር አይሁን።

«ይህ ለሠለጠነው ዓለም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የሠለጠነው ዓለምም ከ«እስከ» የተላቀቀው በቅርቡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከደንበኞች አንድ አሥረኛው ብቻ የሚያገኘውን ፍጥነት «እስከ» ብሎ ማስተዋወቅ ለዓመታት ይቻል ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ግንቦት 2018 ላይ ግን የማስታወቂያ ተቆጣጣሪዎቹ ደንቡን ቀየሩት፤ የሚነገረው ቁጥር ቢያንስ ግማሹ ደንበኛ በጭንቅ ሰዓት የሚያገኘው መሆን አለበት ተባለ። ጭንቅ ሰዓት ያሉት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ የእኔ ደብተር ያለቀሰችበት ሰዓት። ያኔ የብዙ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ቁጥሩን ዝቅ አደረገ። መስመሩ በአንድ ሌሊት አልተበላሸም፣ ድሮም ያን ያህል ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ 2019፣ ኦፍኮም የተባለው ተቆጣጣሪያቸው ባወጣው ደንብ የፈረሙ ኩባንያዎች ለደንበኛው ዝቅተኛውን ፍጥነት ቃል ይገባሉ፤ ከዚያ ወርዶ በ30 ቀን ካላስተካከሉ ደንበኛው ያለ ቅጣት ይወጣል። ጀርመን ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው መለኪያ ጉድለቱን ያረጋገጠ ሰው ክፍያውን እንዲቀንስ ሕግ ፈቅዳለታለች። የእናቴን ጥያቄ ማለት ነው፣ በሕግ ቋንቋ።

የብድሬዋ ልጅ አሁን የምታነበው ሌሊት ነው። 9 ሰዓት ላይ ተነሥታ የሳምንቱን ቪዲዮ ታወርዳለች፣ ቀን ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። የስንዴው ዘገባም በመጨረሻ የሄደው ሌሊት ነው፣ ግን ከአራት ቀን በኋላ፣ ወደ ስድስት ደቂቃ ተቆርጦ። የእኚያ አባት ድምፅ ከተቆረጠው ውስጥ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የደብተሬን ቅጂ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ወደ አቅራቢያችን ቢሮ ሄድኩ። «ሲስተም የለም» ተብዬ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኢንተርኔት የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ሲስተም የለም። ሲመጣ አንዱ ተቀብሎ ማኅተም መታልኝ። «መልሱ መቼ ይደርሰኛል?» አልኩት።

«እስከ 15 የሥራ ቀን» አለኝ።