የተቀበረ መክሊት



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራውን ጥናት በቁም ሣጥን ቈልፎ ሲያኖር «ጥንቁቅ ሰው ነው» ተብሎ ይመሰገናል። እኔ ግን መክሊቱን በመሬት ከቀበረው ሰነፍ አገልጋይ ለይቼ አላየውም።

ነገሩ በማጂ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ጐልቶ ይታያል። አጥኚ መጥቶ የገበሬውን አፈር ይቈፍራል፤ ስለ ቡናው ዐይነት ይጠይቃል፤ ጽፎም ይሄዳል። በሌላው ዓመት ሌላው መጥቶ በዚያው ማሳ ያንኑ ይጠይቃል፤ የፊተኛውን መዝገብ አላየውምና። እኔም ለሥራዬ የሚሆን የአፈር ጥናት ከአንድ ቢሮ ብለምን «ደብዳቤ ጻፍ» ተባልሁ፤ ብጽፍም መልስ አላገኘሁም።

ብዙዎች «መዝገባችንን ብንገልጥ ባዕድ ይወስድብናል» ይላሉ፤ የጌሻንም ቡና ምስክር አድርገው ይጠራሉ። እውነት ነው፤ ያ ዘር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ደናችን ወጥቶ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ነገር ግን ይህን ታሪክ የምንተርከው ከማን መዝገብ ነው? ከወሰዱት ሰዎች መዝገብ አይደለምን? ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተለቀመ በራሳችን እጅ ጽፈን ብናሳይ ኖሮ ክርክራችን ምንኛ በበረታ!

ደግሞም ዘር ሌላ፣ የአፈር ልክና የዝናብ ቍጥር ሌላ ነው። ዘሩና የማኅበረሰቡ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተጋሪነት እንዳይወሰዱ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይጠብቃቸዋል። የገበሬውም ስም ይሰወር። ስለ ዘሩ ተብሎ የዝናቡን ቍጥር መቈለፍ ግን ሌባ ፈርቶ የጎረቤትን መንገድ እንደ ማጠር ነው።

መልካም ምሳሌ ከዚሁ ከአገራችን አለ። ለብዙ ዘመን ስንጠቀምበት የኖርነው የአገሪቱ የአፈር ካርታ በ1984 እ.ኤ.አ. የተሠራና ልኩም አንድ ለሁለት ሚሊዮን የሆነ ነበር። ፈቃደኞች የሆኑ ተመራማሪዎች ኅብረት መሥርተው ተበትኖ የኖረውን 20,000 ያህል የአፈር ጕድጓድ መዝገብ በአንድ ማኅደር ሰበሰቡ፤ አጥርተውና አስተካክለው 14,681ዱን ለሥራ አበቁ፤ በ250 ሜትር ዝርዝር 18 የአፈር ወገኖችን የሚያሳይ ካርታም አወጡ። ሥራቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጕድጓዶቹ አስቀድመው የተቈፈሩ ነበሩ፤ የጐደለው መተማመን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ ቀኑ፣ ቦታውና የአለካኩ ዘዴ ተጽፎበት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አንዱ ቅጂ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የሰበሰበው ሰው ስም መዝገቡ ባገለገለበት ሁሉ ይነሣ፤ ድካሙ ካልታወቀለት ማን ይሰጣል? ሦስተኛ፣ አልሰጥም የሚል ሹም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ።

የማጂ ገበሬ ለጠያቂ በሩን አልዘጋም። ደመወዛችንን ከእርሱ ግብር የምንቀበል እኛ፣ የእርሱን ቃል በራሱ ላይ ልንቈልፍ ምን ሥልጣን አለን?