ቦታው ለሊዝ ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ይመርመር

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ ገንዘቡን አይፈታም። የከተማ ቦታ ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን አያሳይም። ስለዚህ በአዲስ አበባችን ቦታ የሚገመተው በካሬ ሜትሩና በመንገድ ቅርበቱ ሲሆን፣ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ዛሬ በጓደኞቻችንና በመምህሮቻችን ፊት ልናቀርበው ወደድን።

በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲሠራ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ስለ ተነሡት ሰዎችና ስለ ፈረሱት ቤቶች ብዙ ተነጋግረናል፤ ተገቢም ነበር። ስለ አፈሩ ግን ሲነገር አልሰማንም። በሀያ ሁለትና በገርጂ በኩል ስንመላለስ፣ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ታጥሮ መሠረት ሲቆፈር አይተናል። አፈሩ ጠቁሯል፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። ቆፋሪዎቹ ጓንት እንኳ አልነበራቸውም። የተጫነው አፈር ወዴት እንደሚሄድ ብንጠይቅም የነገረን የለም።

ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስ የተባለው ብረት በአፈር ውስጥ በስብሶ አይጠፋም፤ በአቧራው ላይ የሚጫወተውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። በነዳጅ ማደያ ሥር የተቀበረ ታንከር ሲዝግ፣ ቤንዚኑ እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። የከተማችን ውኃ ደግሞ ቁልቁል ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶችም የአዲስ አበባ ሕዝብ ይጠጣል። እንግዲህ የቦሌ አፈር የቦሌ ነዋሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ የምርመራውን ገንዘብ ማን ይክፈል? አንዳንዶች «ያበላሸው ይክፈል» ይላሉ። እውነት ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህንኑ ያዛል። ነገር ግን ጋራዡ ከተዘጋ ዓመታት ካለፉ፣ ባለቤቱም ከሞተ፣ ማን ይጠየቃል? ሌሎች ደግሞ «የሚገነባው ያስመርምር» ይላሉ። በገዛ ገንዘቡ የሚያስመረምር ሰው ግን ጉድለት እንዳይገኝ ይመኛል፤ ፎቁን ሸጦ ከሄደ በኋላ በዚያ አፈር ላይ ልጅ የሚያሳድገውም እሱ አይደለም።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ከአዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ ቦታ በመንግሥት እጅ ነው። በሊዝ የሚያስተላልፈውም፣ ዋጋውን የሚቀበለውም መንግሥት ነው። ዋጋ የሚቀበል ሁሉ የሚሰጠውን ነገር ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከሊዝ ገቢው ጥቂቱ ለአፈር ምርመራ ይመደብ፤ ውጤቱም ከጨረታው ሰነድ ጋር ለሕዝብ ይገለጥ። አበላሺው በታወቀ ጊዜ ወጪው በሕግ ይመለስ።

«ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሳይዳረስ ለአፈር ገንዘብ?» የሚል አይጠፋም። ሁሉም ቦታ ይቆፈር አላልንም። በመጀመሪያ የቦታው ታሪክ በአሮጌ ካርታ፣ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍና በሰፈር ሽማግሌዎች ቃል ይጠና፤ ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። መሰርሰሪያና ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ለተገኘበት ብቻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ከተሞች እንዲህ ያለውን ምርመራ በመንግሥት ገንዘብ እንዲያካሂዱ ፈቅዳለች። በሆላንድ አገር ግን ሌከርከርክ በምትባል መንደር ሳይመረመር ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከአዲሶቹ ቤቶች ሥር የኬሚካል በርሜሎች ተገኙ፤ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ ለማጽዳቱም መንግሥት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

እኛም የራሳችን ሐዘን አለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ያ ክምር ለዓይን የሚታይ ተራራ ነበር። በቦሌ የተቀበረው ግን ካልፈለጉት አይታይም።

ስለዚህ ወቀሳ ብቻ ይዘን አንቀመጥ። የጂኦግራፊ ተማሪ ካርታውን ይሥራ፤ የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ናሙናውን ይመርምር፤ የቦሌና የየካ ልጆች የሆንን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን «እዚህ ላይ ቀድሞ ምን ነበረ?» ብለን እንጠይቅ። የከተማው አስተዳደር ገንዘቡን ይመድብ፤ ጉልበቱን እኛ እንሰጣለን።