የዋልታው ሰዓት አቦምሳ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ባትሪ ላስቀይር ሰዓት ሠሪው ጋ ተቀምጬ ነበር። አንድ አባት መጡና ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት አወጡ። ማሰሪያው ተበጥሶባቸው ነው። እኔ ግን ዓይኔ ፊቱ ላይ ቀረ። ወፍራም፣ ክብ፣ ዙሪያው በሩሲያኛ ፊደል የከተሞች ስም የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት ያለው። ቁጥሮቹን ብቆጥር አስራ ሁለት አይደሉም፣ ሃያ አራት ናቸው!

ራኬታ ይባላል፣ ሮኬት ማለት ነው። ጋጋሪን ጠፈር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ሌኒንግራድ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ያወጣው ስም ነው። ባትሪ የለውም፣ በእጅ ይሞላል። ባለ ሃያ አራቱን ለዋልታ አሳሾችም ሠርተውታል። እዚያ በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፣ በክረምት አትወጣም። ስለዚህ በኛ ዓይነት ሰዓት ቀን ይሁን ሌሊት መለየት ያስቸግራል።

ታዲያ አቦምሳ ምን አመጣው? አባባ ወጣት ሳሉ መልካ ዋከና የቀን ሠራተኛ ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረውን፣ ዋቤ ሸበሌ ላይ ያለውን 153 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሶቪየቶች ናቸው የሠሩልን። አንዱ ሩሲያዊ ሲሰናበታቸው ከእጁ ፈትቶ ሰጣቸው።

"አባባ፣ እንዴት ነው የሚያነቡት?" አልኳቸው።

"ንጋት ላይ አጭሩን ሃያ አራት ላይ አደርገዋለሁ። በቀኝ ሲወርድ ቀን፣ በግራ ሲወጣ ማታ። አለቀ።"

ምን አለፋችሁ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አራት ላይ ሲሆን ከጠዋቱ አራት ነው። ታች አስራ ሁለት ሲደርስ ፀሐይ ትጠልቃለች። አስራ ሦስት ሲል ከምሽቱ አንድ። ፀሐይ ለማትታይበት አገር የተሠራው ሰዓት ከፀሐይ ለሚቆጥር ሕዝብ ልክ ሆኖ ተገኘ።

የኛን አቆጣጠር "ኋላ ቀር፣ ዓለም የማያውቀው" እያላችሁ የምታፍሩ ተማሪዎቼ፣ በስዋሂሊም እኮ ጠዋት የኛ አንድ ሰዓት "ሳአ ሞጃ"፣ አንድ ሰዓት ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል። ሎንዶን ላይ ቢሆን አይሆንም፣ በታኅሣሥ የሚነጋው በነሱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ችግሩ ያለው ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲገናኙ ነው፣ ጥፋቱም የኛ የመምህራን ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዳማ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ነበር። ደብዳቤው "8:00" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ልጁ ብር ተበድሮ ሄደና ከቀኑ ሰባት ተኩል በር ላይ ቆመ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ለካ እነሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። አምስት ሰዓት ተኩል አርፍዷል። ጥበቃው እንኳ አላስገባውም። ደውሎ ሲነግረኝ ያለቀሰው ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ እኔም አስተምሬዋለሁ። ስድስት መደመርና መቀነስ ግን በቁም ነገር ያስተማረው የለም። "ከስልካችሁ ታዩታላችሁ" ብለን ነው ያለፍነው። ስልኩ ደግሞ የሚነግረው በሌላው አቆጣጠር ነው!

ደብዳቤ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ "ጠዋት 2 ሰዓት" በሉ። ሁለት ቃል ብትጨምሩ ምን ትከስራላችሁ? እኔ ደግሞ ሰኞ የአባባን ሰዓት ሰሌዳ ላይ ስዬ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስተምራለሁ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሰዓት ሠሪው ማሰሪያውን ሲጨርስ "ይሽጡልኝ" ማለቴ አልቀረም። አባባ ሳቁና እጃቸው ላይ አሰሩት፣ ዘንበል ብለውም አዩት። "አስራ አንድ ሆኗል፣ ሳይመሽ ልሂድ" አሉኝ።