ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም

የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ ጫፉ ይከፈታል። ማጭድ ከዘገየበት ነፋስ ነካ ሲያደርገው ይረግፋል፤ ከመሬት ለቅሞ የሚያገኘው የለም። መስከረም ሲጠባ የቀን ሠራተኛው ከደጋ እየወረደ በሳንጃ አልፎ ወደ አብርሃ ጅራና አብደራፊ የሚተመው ለዚህ ነው። ያኔ የከተሞቹ ወሬ ሦስት ነው፤ ዝናብ፣ ሠራተኛ፣ ድንበር።

ቡና ላይ አብረን የተቀመጥን አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ ያ የጎረቤት አገሮች ማኅበር የሚባለው ምን ይሠራልናል?» አሉኝ። ኢጋድን ማለታቸው ነው። መልስ ስፈልግ ቡናዬ በረደ።

ወረቀቱን ብነግራቸው ያምር ነበር። ኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም አለው። ፕሮቶኮሉ ጥር 1994 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተፈረመ፤ ቢሮው አዲስ አበባ ነው። በድንበሩ የእርሻ መሬት፣ በአል ፋሽቃ፣ የሚወዛገቡትም ካርቱምና አዲስ አበባ ናቸው! ተቋሙ ሥራ ሲጀምር ዓይኑን የጣለው አርብቶ አደሮች ከብት በሚዘራረፉባቸው እንደ ካራሞጃ ባሉ ድንበሮች ላይ ነበር። እዚያ ይጠቅማል። የመንግሥት ጦር ሲንቀሳቀስ ግን ማንን ያስጠንቅቅ? የሚያስጠነቅቀው አባላቱን፣ የሚወስነውም በአባላቱ ስምምነት ነው።

ድንበሩ ከ1894ቱ ውል ጀምሮ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነው። በ2013 ዓ.ም. መኸር፣ የትግራይ ጦርነት እንደተቀሰቀሰ፣ የሱዳን ጦር አል ፋሽቃ ገባ፤ የእኛ ገበሬዎች ከማሳቸው ተፈናቀሉ። በሰኔ 2014 ሱዳን «ሰባት ወታደሮቼና አንድ ሲቪል ተገደሉብኝ» አለች፤ ኢትዮጵያ አስተባበለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና የሱዳኑ መሪ ጄኔራል አል ቡርሃን በዚያው ሰኔ 28 ናይሮቢ ላይ፣ በኢጋድ ጉባኤ ሰበብ ተገናኝተው በንግግር ለመፍታት ተስማሙ። ይህን አላናንቅም፤ እንዲያውም ኢጋድ ከሠራው ሁሉ ይህን እወድለታለሁ። ግን ሃያ ወር ገደማ ፈጀ፤ በመሃል ሁለት አጨዳ አለፈ።

ከዚያ ሚያዝያ 2015 ሱዳን ራሷ ተቃጠለች፣ ስደተኛው በመተማ ገባ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ካርቱም ከኢጋድ አባልነቷ ራሷን አገደች።

እኔ ብጠየቅ የኢጋድን ገንዘብ ከትልቁ አዳራሽ ቀንሼ ለትንሹ እሰጠው ነበር፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የእኛ የድንበር ወረዳዎችና የሱዳኗ ገዳሪፍ ሹማምንት፣ ገበሬዎችም ጭምር፣ መተማ ወይም ገላባት ላይ ይቀመጡ። ማን የት እንደሚያጭድ ማጭድ ሳይነሳ ይነጋገሩ። መሪዎቹ ቢኳረፉም ይህ ስብሰባ አይቅር።

ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው የናይሮቢው ጉባኤ በየትኛው ወር እንደነበር ጠየቁኝ።

«ሰኔ መጨረሻ።»

«ሰኔማ እኛ ዘር ላይ ነን» አሉና ሲኒያቸውን ለሁለተኛው ቡና አቀበሉ።