የማይወልዱትን ማን ገደላቸው?

«ካልወለዱ ምን ሊተርፍ ነው?» ይላል የኛ ሰው። ሼከር ስለሚባሉት አሜሪካውያን ያወራሁለት ሁሉ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ መልሱ ይኸው ነው። አላገቡም፣ አልወለዱም፣ ጠፉ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

እኔ ግን ይህ መልስ ስንፍና ነው እላለሁ። ስንፍና ብቻ ቢሆንማ ግድ አልነበረኝም። የሚያናድደኝ፣ ራሳችንን ከተጠያቂነት የምናሸሽበት መልስ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው። አን ሊ የእንግሊዝ አገር ሴት ናት፤ የማንችስተር አንጥረኛ ልጅ። አራት ልጅ ወልዳ አራቱንም ቀብራለች። እ.ኤ.አ. በ1774 ስምንት ተከታዮቿን ይዛ ባሕር ተሻግራ ኒው ዮርክ ገባች፤ ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው አረፈች። ተከታዮቿ «እናታችን» ይሏታል። እግዚአብሔር የአባትም የእናትም ባሕርይ አለው ብለው ያምናሉ። ኃጢአትን መናዘዝ፣ ትዳርን መተው፣ ጦር አለማንሳት፣ ሀብትን በአንድ ማድረግ ሕጋቸው ነው። ሲያመልኩ ያሸበሽባሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ስማቸውም «ተንቀጥቃጮች» እንደማለት ሲሆን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው፣ ሊያፌዝባቸው። ወንዱና ሴቱ በአንድ ትልቅ ቤት ይኖራሉ፤ በሩና ደረጃው ግን ለየብቻ ነው። መንደሩን የሚመሩትም ወንድ ሽማግሌዎችና ሴት ሽማግሌዎች በእኩል ናቸው። ይህን የሚያደርጉት፣ ልብ በሉ፣ በአሜሪካ ሴት ድምፅ መስጠት በማትችልበት ዘመን ነው። ሥራ ይወዳሉ። የአትክልት ዘር በትንንሽ ወረቀት እያሸጉ ለገበሬ ሸጠዋል፤ ወንበራቸው እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከሜይን እስከ ኬንታኪ 18 ያህል መንደር ነበራቸው፤ ቁጥራቸውም ከ4 እስከ 6 ሺህ ይገመታል።

እንግዲህ ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ሺህ ሰው ከየት መጣ? መሥራቿ ከሞተች ስድሳና ሰባ ዓመት አልፏል። አለመውለድ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ትውልድ ባለቁ ነበር። ሰው የመጣው ከጎረቤት ነው። ስብከቱን ሰምቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የገባ ገበሬ አለ። እናት አባቱ የሞቱበት ልጅ አለ። ድሃ ወላጅ «አሳድጉልኝ» ብሎ የሰጣቸው አለ። ልጁን ያስተምሩታል፣ ሙያ ያስይዙታል፤ 21 ዓመት ሲሞላው መቆየትም መሄድም የራሱ ፈንታ ነው። ብዙው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ይቀራል። ጥቂቱ ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ ፋብሪካ መጣ። እነሱ በእጅ የሚሠሩትን በርካሽ ያመርተው ጀመር። ጎልማሳው ወንድ ደሞዝ ፍለጋ ከተማ ወረደ። አባት እናት ለሌለው ልጅም ሌላ ማሳደጊያ ተከፈተ። ምንጩ ደረቀ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜይን ውስጥ ሳባዝዴይ ሌክ በተባለው የመጨረሻ መንደራቸው ሁለት ሰው ብቻ ቀረ። ዕቃቸውስ? እ.ኤ.አ. በ1990 ኦፕራ ዊንፍሬይ አንድ የሼከር መሥሪያ ጠረጴዛ በ220 ሺህ ዶላር ገዛች። ሰዎቹ እያለቁ ሲሄዱ ጠረጴዛቸው ተወደደ!

የሩቁን ይህን ያህል ያወራሁት ለቅርቡ ስል ነው። እኛም አገር የማይወልድ ማኅበር አለ። የአንድነት ገዳም እንለዋለን። አባ ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በጀመረው ሥርዓት «የኔ» የሚባል ነገር የለም፤ እርሻው የጋራ፣ ጎተራው የጋራ፣ ማዕዱ የጋራ። መነኩሴው የሚበላው መቁነኑን፣ ማለትም የተሰፈረለትን ነው። አዲስ ገቢው ቆብ ከመጫኑ በፊት ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ በረድእነት ይፈተናል። ይህ ሥርዓት እኛ ዘንድ ከደረሰ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አንድም መነኩሴ በገዳም ውስጥ አልተወለደም። ታዲያ ማን ወለደው? የገበሬው ሚስት ናታ!

ጉባኤ ቤቱም እንደዚያው ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን ደረታችንን የምንነፋበት ዋሸራና ጎንጅ የቆመው በጎረቤት እንጀራ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ባላገሯ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ እሱ ጎጆው ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይበላና ለየኔታ ቅኔውን ይዘርፋል። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህር የሆኑት በዚህ ዓይነት ቤት ነው። ሼከሮቹ የሴት ሽማግሌ ነበራቸው ብለን ስንደነቅ የራሳችንን ሊቅ ሴት ከነመፈጠሯም የማናውቅ ብዙዎች ነን።

አሁን ያ ተማሪ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ምን ያገኛል? የቆርቆሮ በር። በሩ ላይ በቀይ ቀለም፦ «ኃይለኛ ውሻ አለ»።

የየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ የገዳማቱን መሬት ወሰደው ይባላል። እውነት ነው፣ ወሰደው። ጉልቱ ይመለስ የሚል ሰው ግን አይደለሁም፤ ገበሬው በዚያ መሬት ላይ ያየውን ፍዳ አባቶቻችን ነግረውናል። ደግሞም መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ስንት ዓመት ያቆያቸው ይኸው ገበሬ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ጦርነትም አለ፤ አገር አቋርጦ መምህር ፍለጋ መሄድን አደገኛ አድርጎታል። ይህንንም አልክድም። ግን ከጦርነቱ በፊትስ? መንገዱ ክፍት፣ ቤታችን ሙሉ በነበረ ጊዜ በሩን የዘጋነው እኛው አይደለንም? የከተማችን ስም ራሱ ግእዝ ነው። «የሰላም መንገድ» ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቋንቋው የሚነገርበትን ጉባኤ ቤት ግን ስንቱ ያውቀዋል?

«አሃ፣ ልጆቻችንን እንሳልልህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የተማረው ሰው ይቺን መልስ ከፍቅር እስከ መቃብር ተምሯታል፤ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ሳይጠይቁ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውት መከራውን ሲያይ አንብቧል። ሐዲስ ዓለማየሁ ልክ ናቸው፤ ባልተጠየቀ ልጅ ስም መሳል ግፍ ነው። እኔ ያን አላልኩም። ሼከሮቹ 21 ዓመት ሲሞላ ይምረጥ ብለዋል፤ እኛም እንዲያ ማለት ያቅተናል? አሥረኛ ክፍል ጨርሶ «ቅኔ ልማር» የሚል ልጅ ሲገኝ እኮ አባቱ የሚያዝነው ልጁ የታሰረበት ያህል ነው። ወደ ቡሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ቢል መርቆ ይሸኘዋል፤ ደሞዝ አለዋ!

መውለድ ብቻውን እንደማያድን ለማየት አሜሪካ መሄድም አያስፈልግም። ከወረታ አጠገብ አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 የጀመሩት ማኅበር ነው፤ ሴትና ወንድ እኩል የሚሠራበት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለበት። እነሱ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። ሆኖም በደርግ ዘመን ከጎረቤት ጋር ተጣልተው፣ ተወንጅለው፣ እስከ ቦንጋ ተሰደዋል። ልጆቻቸው ከዚያ አላዳኗቸውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎብኚ ጎረፈላቸው፣ ፎቶ ተነሳ፣ አደነቀ፤ ገብቶ አብሮ ልሥራ ያለው ግን ጥቂት ነው። ማድነቅ ምን ወጪ አለው?

ስለዚህ ነገሬን በሚሠራበት ልጨርስ። ዕድሮቻችን ድንኳን አላቸው፣ ወንበር አላቸው፣ በሬ የሚቀቅል ድስት አላቸው። ሳንጠራጠር የምናዋጣው ለሞተ ሰው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ ላስይዝ አስቤያለሁ፤ ዕድራችን በአቅራቢያችን ላለ አንድ ጉባኤ ቤት ከመስከረም እስከ መስከረም ጤፍና በቆሎ ይስፈር። አንድ ኩንታልም ቢሆን። «ደንባችን አይፈቅድም» የሚሉኝ ሰዎች ከወዲሁ ይታዩኛል፤ ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ መተዳደሪያውን ያነብልኛል። ያንብብ። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን።