ስለ ጠጅ ሳር ዘይትና ስለ ንብ አጠባበቅ

የጎጃም ባላገር ባዶ ቀፎ ከመስቀሉ አስቀድሞ መልካም ሽታ ባላቸው ዕፀዋት ማጠኑ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛ ንብ ጓደኞቿን ወደ ማደሪያቸው ስትጠራ፣ በሆዷ ጫፍ ካለው ናሶኖቭ ከሚባለው ዕጢ መዓዛ ታወጣለች፤ በመዓዛውም ውስጥ ሲትራልና ጄራኒዮል የሚባሉት ይገኛሉ። ከጠጅ ሳር ቅጠል በእንፋሎት የሚጣራው ዘይት አብዛኛው ሲትራል ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጠብታ በባዶ ቀፎ ውስጥ ቢቀባ ማደሪያ የሚፈልገውን መንጋ ይስባል። በሌላ አገር ያሉ ንብ አናቢዎችም ይሠሩበታል።

ጠጅ ሳር በጓሮ የሚበቅል ነውና፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በቆጋ አካባቢ ያሉ ሹማምንት ይህን ጥበብ ለባላገሩ ቢያስተምሩ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ንብን ይጠራል እንጂ አያኖርም፤ በሽታም አይፈውስም።

በመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በበጋ ሌላው ስፍራ ሲደርቅ ንብ ውሃና አበባ ፍለጋ ወደ መስኖው ትወርዳለች። በዚያው ጊዜ የተባይ መድኃኒት በቀን ብርሃን ቢረጭ፣ ለመቅሰም የወጣችው ትሞታለች፤ የተመለሰችውም መርዙን ወደ ቀፎ ታገባለች። እንዲህ ወዳለ ስፍራ መንጋን በመዓዛ መጥራት፣ እንግዳ ጋብዞ በደጅ ወጥመድ እንደ መዘርጋት ነው።

ስለዚህ የዘይቱ ትምህርት ከርጭት ሥርዓት ጋር አንድ ሆኖ ሊሰጥ ይገባል። ያበበ ሰብል አይረጭ፤ ርጭት ግድ ቢሆን ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ይሁን፤ ጎረቤት የሆኑ ንብ አናቢዎችም አስቀድመው ይነገራቸው። ይህ ገበሬውን ያደክማል የሚል ቢኖር፣ ኑግ ፍሬ የሚይዘው ንብ አበባውን ስትጎበኘው መሆኑን ያስብ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የወጣውም ንብ የአገር ሀብት ስለ ሆነች ነው።

እንግዲህ የወረዳ ሹም በመስከረምና በጥቅምት የተያዘውን መንጋ ብቻ ቆጥሮ ቢያስታውቅ፣ የነገሩን ግማሽ መናገሩ ነው። እስከሚቀጥለው መስከረም በሕይወት የቆየው ስንት እንደ ሆነ ጨምሮ ይጻፍ፤ የሥራው ፍሬ የሚታወቀው በዚህ ቍጥር ነውና።