የሁሉ የሆነ መሬት ጠባቂው ማን ነው?

ከተማ በሰፋና የመሬት ዋጋ በናረ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው የሁሉ የሆነው መሬት ነው። የአንድ ሰው ርስት ሲነካ ባለርስቱ ይጮኻል፤ የሁሉ የሆነው ሲነካ ግን እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይጮኽልኛል ብሎ ዝም ይላል። ለዚህም በእስኮትላንድ አገር፣ በሐዋርያው በቅዱስ እንድርያስ ስም በምትጠራው በሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው የጎልፍ ሜዳ መልካም ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሜዳው በባሕር ዳር ያለ አሸዋማ ስፍራ ስለ ሆነ ለእርሻ አይመችም። ስለዚህ ሕዝቡ ከብት ያሰማራበት፣ ኳስ በበትር እየመታ ወደ ጉድጓድ በማግባትም ይጫወትበት ነበር። በ1457 ዓ.ም. በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ዘመን ፓርላማው፣ ጨዋታው ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ ያስታጕላል በማለት ጎልፍን ከለከለ፤ ሕዝቡ ግን አልተወውም። በ1552 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሐሚልተን በሜዳው ጥንቸል ለማርባት መብት ሲያገኙ፣ የከተማው ሕዝብ ጎልፍ የመጫወት መብቱ እንደ ተጠበቀ እንዲኖር በጽሑፍ አጸኑለት። በ1764 ዓ.ም. ደግሞ የጨዋታው ዙር ከ22 ጉድጓድ ወደ 18 ተቀነሰ፤ ይህም ቍጥር በኋላ ለዓለም ሁሉ ሥርዐት ሆነ።

ዳሩ ግን መብት በጽሑፍ ቢጸናም ጠባቂ ካጣ ይደክማል። በ1797 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ዕዳ ስለ በዛበት ሜዳውን ከእጁ አወጣ፤ ጥንቸል የሚያረቡ ነጋዴዎችም ያዙት። ጥንቸሎቹ ሜዳውን እየቈፈሩ አበላሹት። ተጫዋቾችና ነጋዴዎች ሃያ ዓመት ያህል በሜዳው ላይም በፍርድ ቤትም ተጣሉ። በ1821 ዓ.ም. ጎልፍ የሚወዱ ጄምስ ቺፕ የተባሉ ባለርስት መሬቱን ገዝተው ጨዋታውን አዳኑት። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ቸርነት ዘላቂ ዋስትና አይሆንም። በ1894 ዓ.ም. ሜዳው በፓርላማ ሕግ ወደ ከተማው እጅ ተመለሰ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ሕግ ስለ ሕዝብ ጥቅም በሚያስተዳድረው በአደራ ጠባቂ ድርጅት ሥር ዋለ።

ዛሬ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው እንግዳ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይጫወታል። የገንዘብ ነገር ብቻ ቢታሰብ ኖሮ የአገሬው ሰው ከሜዳው በተገፋ ነበር። ነገር ግን ነዋሪው በዝቅተኛ ዋጋ የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ በጥንታዊው ሜዳ ላይ የሚጫወቱበት ተራም በከፊል በዕጣ ይሰጣል፤ የተገኘውም ገቢ ለሜዳዎቹ መጠበቂያ ይውላል። እሑድ ቀንም፣ ከታላላቅ ውድድር ጊዜ በቀር፣ በጥንታዊው ሜዳ ላይ ጨዋታ የለም፤ ሣሩ ያርፋል፣ ሕዝቡም ከነልጆቹ ይንሸራሸርበታል። የዛሬው ጠላት ጥንቸል ሳይሆን ዳርቻውን የሚሸረሽረው ባሕር ስለ ሆነ፣ ጠባቂዎቹ የአሸዋውን ክምር በማጽናት ይደክማሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። የ1797ቱ ሹማምንት ክፉዎች አልነበሩም፤ ዕዳ የጨነቃቸው ሰዎች ነበሩ። ስሕተታቸው ለአንድ ዘመን ችግር የዘመናትን ርስት መስጠታቸው ነው። ያጠፉትንም ለመመለስ 97 ዓመት ፈጀ። ስለዚህ የሕዝብ መሬት በእጁ የሚገኝ ሹም ሁሉ፣ ከመፈረሙ አስቀድሞ፣ እርሱ አደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። ብዕር በአንድ ቀን የሰጠውን፣ ልጅ ልጆች በብዙ ድካም ይፈልጉታልና።